ጀበናና ቸርኬ

ሰው በገበያ መካከል ሲመላለስ ዕቃን የሚመረምረው ብዙውን ጊዜ በዐይኑና በእጁ ነው። ዐይን ፈጣን ነው፥ ነገር ግን ቶሎ ይታለላል፤ እጅ ዘገምተኛ ነው፥ ነገር ግን የያዘውን ያውቃል። ከሁለቱ ሌላ አንድ ሦስተኛ መርማሪ አለ፥ እርሱም ጆሮ ነው። ይህን እናቶች ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። በቦንጋ ገበያ ጀበና የምትገዛ ሴት የአንገቱን ማማርና የሆዱን ክብነት ካየች በኋላ ከመሬት አንሥታ በጣቷ አንጓ ትመታዋለች፤ ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፥ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። ሻጩ ስንጥቁን በጭቃ ቢለስነው፥ ጥላሸትም ቢቀባው፥ ዐይን ይታለል ይሆናል እንጂ ጆሮ በቀላሉ አይታለልም። በጀበና ነገር ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ ጉዳቱ የፈሰሰ ቡና ብቻ ነው። ሰው ተሸክሞ በገደል አፋፍ ለሚሮጥ መንኰራኵር ሲሆን ግን የሚፈሰው ሌላ ነው። በደካ የሚኖር አንድ መምህር ይህን የተማረው አሮጌ አውቶሞቢል በገዛ ጊዜ ነበር።

መምህሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ፥ በወጪው ቍጥብ፥ በአለባበሱ ጥንቁቅ የሆነ ሰው ነው። በሕይወቱ ከልክ ያለፈ ምኞት የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በወጣትነቱ በአዲስ አበባ ሲማር አንድ ቀን በፒያሳ ያየው ዝቅ ያለ፥ ጀርባው እንደ ዓሣ የለሰለሰ፥ ሁለት በር ያለው አውቶሞቢል ነበር። ስሙ ካርማን ጊያ ይባላል። መልኩን ያወጣው በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ የነበረው የጊያ ቤት ነው፤ አካሉን የሠራው በጀርመን አገር በኦስናብሩክ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ነው፤ ባለቤቱ ግን ቮልስዋገን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ተሠርቷል። የሚያየው ሰው ሁሉ የእሽቅድምድም አውቶሞቢል ይመስለዋል። ነገር ግን ከቆዳው በታች ያለው ሞተርና መንኰራኵር በአገራችን ከተማዎች ሁሉ የታወቀው የቮልስ ነው፤ ሞተሩ እንደ ቮልስ በስተኋላ ተቀምጦ ያለ ውኃ በነፋስ ይቀዘቅዛል።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ከምግብና ከልብስ ቈጥቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደና በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተሠራ አንድ ካርማን ጊያ ገዛ። ዘመዶቹ «በዚህ ገንዘብ ስንት ላም ይገዛ ነበር» ብለው አዘኑ። እርሱም መልስ አላጣም። አሮጊት እናቱ ዐይናቸውን ስለሚታመሙ በየወሩ ወደ ጅማ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባቸው፤ የአውቶቡሱም ግፊያ አድክሟቸው ነበር። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ምኞት የግዴታን ልብስ ለብሶ በወጣ ጊዜ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ለመለየት ይቸግረዋል።

ከአውቶሞቢሉ ሁሉ ልቡን የማረከው ቸርኬው ነበር። ቸርኬ የሚለው ቃል፥ እንደ ጐማ፥ እንደ ፍሬንና እንደ ጐሚስታ፥ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ጐማ የሚለብሰውን ክብ ያመለክታል። ፋብሪካው ያወጣው ተራው የብረት ቸርኬ ተነሥቶ በምትኩ ከአሉሚኒየም የፈሰሱ፥ አምስት አምስት ክንድ ያላቸው፥ እንደ ብር የሚያበሩ አራት ቸርኬዎች ገብተውበት ነበር። ሻጩም «ሌላው ቢቀር ለእነዚህ ሲሉ ይግዙት» አለው። መምህሩ የአካሉን ቀለም ዳሰሰ፥ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፥ ሊብሬውን አገላብጦ አነበበ፤ ቸርኬዎቹን ግን አየና ወደደ እንጂ አልመረመረም።

ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ መሪው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፍጥነቱን ሲቀንስ ይተወዋል፥ ሲጨምር ይመለስበታል። መጀመሪያ «የመንገዱ ነው» ብሎ ራሱን አጽናና። መንገዱ ለስላሳ ሲሆንም መንቀጥቀጡ ስላልቀረ «የዕድሜው ነው» አለ፤ ሰው የወደደውን ነገር ጕድለት በሌላ ማላከክ ልማዱ ነውና። ጅማ ሲደርስ ግን የፊት የግራው ጐማ ነፋሱን እኩል ያህል ጨርሶ ስለ ነበረ የግዱን ከአንድ ጐሚስታ ደጅ ቆመ።

ጐሚስታው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፥ እጁ በቅባት የጠቈረ ልጅ ነበር። በክሪክ አንሥቶ ቡሎኖቹን ፈታ፤ ጐማውን ከቸርኬው አላቅቆ ከውስጡ ከመነዳሪ መዘዘ። ከመዘዘም በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፥ በዚህ ጐማ ከመነዳሪ ያስገባበት ማን ነው?» አለ።

«አላውቅም ልጄ፥ እንዲሁ ነው የገዛሁት። ምን ክፋት አለው?»

«ጐማው ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ጐማ ነፋሱን የሚይዘው ከቸርኬው ጋራ ገጥሞ ነው። ቸርኬው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ነፋሱ በስንጥቁ ይወጣል፥ ባለቤቱም ያውቃል። ከመነዳሪ ሲገባበት ግን ነፋሱ እዚያው ይቀራል፤ ስንጥቁም ዝም ይላል።»

ይህን ብሎ የቸርኬውን የውስጥ ፊት በሽቦ ብሩሽ ፈተገው። የብሩ ቀለም ሲነሣ ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲፈረፈር የጣት ርዝመት ያለው የብየዳ ጠባሳ ታየ፤ በጠባሳውም ዳር እንደ ጠጕር የቀጠነ አዲስ ስንጥቅ ተከፍቶ ነበር። ሸካራው ብየዳ ከመነዳሪውን ጥቂት በጥቂት ፍቆ በስቶት ኖሯል። መምህሩ ያንን ጠባሳ ባየ ጊዜ የጊቤን ቍልቍለት አሰበና ላብ አጠመቀው። ከሁሉ ይልቅ የከነከነው ግን ስንጥቅ መገኘቱ አልነበረም፤ አንድ ሰው ስንጥቁን አይቶ፥ አውቆም፥ ሦስት ጊዜ መሸፈኑ ነበር፤ በስቱኮ፥ በቀለምና በከመነዳሪ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ማዕድን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ከብረት ላሜራ የተሠራ ቸርኬ ከድንጋይ ወይም ከጕድጓድ ጋራ ሲጋጭ ብዙውን ጊዜ ይጐብጣል። ጕብጠቱ በዐይን ይታያል፥ በመሪም ላይ ይሰማል፤ ጥቂት የሆነ እንደ ሆነ በመዶሻ ይቃናል። ከአሉሚኒየም የፈሰሰው ግን መጠነኛውን ምት ከቻለ በኋላ ከልኩ ያለፈው ሲመጣበት ከመጕበጥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ደግሞም ጥንካሬውን ያገኘው ከመፍሰሱ ብቻ አይደለም። ብዙው እንዲህ ያለ ቸርኬ በፋብሪካ ከ500 ዲግሪ በላይ ሞቆ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፥ ዳግመኛም በመጠነኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይቈያል። በመንደር ብየዳ የተነካ እንደ ሆነ በብየዳው ዙሪያ ያለው ሥፍራ ያን ጥንካሬ ያጣል፤ መልኩ ግን አይለወጥም። አሮጌውን ቀለም ለማንሣት በእሳት ማቃጠልም እንዲሁ ይጐዳዋል። ስለዚህ የተጫረውን አሉሚኒየም አለስልሶ መቀባት ይቻላል፤ የተሰነጠቀውን ግን በይዶ ለመንገድ መመለስ የሰውን ነፍስ በዕጣ መጣል ነው።

በአውቶሞቢሉ አፍንጫ ውስጥ፥ ከመጠባበቂያው ሥፍራ፥ አንድ የቈየ የብረት ቸርኬ ከነጐማው ነበር። ዝገት የነካው፥ ማንም ያልተመለከተው ነው። ጐሚስታው መርምሮ ጤነኛ ሆኖ ስላገኘው በተሰነጠቀው ፈንታ ገጠመውና «ጎጀብን ሲወርዱ ቀስ ይበሉ ጋሼ» ብሎ አሰናበተው። ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ወደ ጎጀብ ወንዝ ወርዶ እንደ ገና ወደ ካፋ ደን ይወጣል። መምህሩ በዚያ ቍልቍለት ከበሬ በማይፈጥን አካሄድ ሲወርድ የንቀት ዐይን ያልሰጠው ዝገታም ብረት ተሸክሞት ወደ ቤቱ አደረሰው።

በደካ በዚያ ሰሞን የመንኰራኵር ነገር የጎረቤት ሁሉ ጉባኤ ሆነ። ምክሩም በሦስት ተከፈለ። አንደኞቹ «ብየዳው በደኅና ሠራተኛ ይደገም፥ ቀለምም ይቀባ» አሉ፤ ይህ ከሁሉ የረከሰ ነበር። ሁለተኞቹ «አዲስ የአሉሚኒየም ቸርኬ ይገዛ፤ እንዲህ ያለ አውቶሞቢል በተራ ብረት ሲሄድ ሙሽራ በባዶ እግሯ እንደ መሄድ ነው» አሉ። ሦስተኞቹ ቍጥራቸው ጥቂት ነበር፤ «የቮልስ ነውና የቮልስ ብረት ይግባበት» አሉ።

የመጀመሪያውን ምክር መምህሩ ወዲያው ጣለው። ሁለተኛው ግን ልቡን ሳበውና ነገሩን በመጽሐፍ ይመረምር ጀመር። አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን የብዙዎቹ አውቶሞቢሎች መንኰራኵር የእንጨት ጨረር ነበረው፤ የተሰበረውን ጨረርም አናጢ ይለውጠው ነበር። ከአሉሚኒየም የፈሰሰ ቸርኬ ስሙን ያገኘው በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኤቶሬ ቡጋቲ የተባለው ሠሪ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በተደረገው ታላቅ እሽቅድምድም ላይ ባቀረበው አውቶሞቢል ነው። ምክንያቱም ጌጥ አልነበረም፤ የቀለለ መንኰራኵር መንገዱን አጥብቆ ስለሚከተልና የፍሬኑን ሙቀት ስለሚያስወግድ ነበር። ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ ደኅና የአሉሚኒየም ቸርኬ ዛሬም ነውር የለበትም፤ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ አውቶሞቢሎች በእርሱ ይሄዳሉ። ነገር ግን ቡጋቲ የሠራው ለመፍጠን ነው፤ የደካው ሰው የሚፈልገው ግን አሮጊት እናቱን ወደ ሐኪም አድርሶ ለመመለስ ነው። ሰው የሚገዛውን ዕቃ ከመመርመሩ አስቀድሞ የሚሠራበትን ጕዳይ መመርመር ይገባዋል።

ልኩም ሌላ ችግር ነበር። የቮልስ ቸርኬ በቀድሞው ጊዜ አምስት ቡሎን ነበረው፥ ቡሎኖቹም 205 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ዙሪያ የተደረደሩ ናቸው። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ቡሎኑ አራት ሆነ፥ ክቡም ወደ 130 ሚሊ ሜትር ጠበበ። በሱቅ የሚገኙት አዳዲሶቹ ጌጠኛ ቸርኬዎች ግን ለዛሬ አውቶሞቢሎች ልክ የተሠሩ ናቸው። አንድ ነጋዴ «በመካከል ዝርግ ብረት አስገብተን እናስማማዋለን» ብሎት ነበር። እንዲህ ያደረጉ እንደ ሆነ መንኰራኵሩ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሸክሙም ከቦታው ርቆ ኩሽኔታውን ይጫነዋል፥ ጐማውም ሲታጠፍ ከአካሉ ጋራ ይፋጫል። መምህሩ የማይመስለውን ለማስመሰል የሚደረግ ስምምነት በሒሳብም ቢሆን እንደማያምር ያውቃልና ተወው። እንዲህም ሆኖ ሦስተኛውን ምክር ወደደ ሳይሆን ተቀበለ።

በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ያገለገለ የአውቶሞቢል መለዋወጫ በመሸጥ ወደ ታወቀችው ወደ ሶማሌ ተራ ሄደ። እዚያም ከተቈለለው ብረት መካከል የቮልስ ቸርኬ አገኘ። ከሁሉ ንጹሕ ሆነው የታዩት ባለ አምስት ቀዳዳዎቹ ነበሩ፤ እነርሱ ግን አይገቡለትም። ሻጩ «ልኩ አንድ ነው» ቢለውም መምህሩ ማስመሪያውን አወጣ። አራት ቀዳዳ ሲሆን ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ከመካከል እስከ መካከል መለካት ይበቃል። አምስት ሲሆን ፊት ለፊት የሚተያይ ስለሌለ የሁለት ጎረቤታሞችን ርቀት ለክቶ በ0.588 ማካፈል ነው። ይህን በጠመኔ በአንድ ላሜራ ላይ ሲጽፍ የሱቁ ልጆች ከበው ተመለከቱት። ቀጥሎም የቡሎን መቀመጫውን አየ፤ መቀመጫው ክብ የሆነ አለ፥ እንደ ቀፎ አፍ ሾጣጣ የሆነም አለና፥ ቡሎኑና ቀዳዳው አንድ ዓይነት ካልሆኑ ጠብቆ የታሰረው ሁሉ በመንገድ ይላላል። እንዲህ እያለ ስድስት መረጠ፤ አራቱ ለመንገድ፥ አንዱ ለመጠባበቂያ፥ አንዱም ለጥርጣሬ። በአውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጭኖ ወደ ደካ ተመለሰ።

በማግሥቱ ስድስቱን ቸርኬ ከግቢው ውስጥ ደርድሮ ሲፍቅ እናቱ ቡና ሊወቅጡ ዘነዘና እንደ ያዙ ወጡ። የዐይናቸው ብርሃን ከደከመ ቈይቷልና መልክና ቀለም ለይተው አያዩም። እንቅፋት መታቸውና ቆሙ።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው ልጄ? ድስት ነው ወይስ ገንቦ?»

«ቸርኬ ነው እማዬ፤ የመኪናው እግር ነው።»

«እኔን የሚሸከመው ነው?»

«አዎን፥ አንቺን የሚሸከመው ነው።»

ጐንበስ ብለው አንዱን በዘነዘናው መቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሬት ላይ የተቀመጠ ገንቦ አይናገርም። አንሣና ስቀልልኝ» አሉት። መምህሩ ፈገግ ብሎ፥ እንደ ልጅነቱም ታዝዞ፥ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ በገመድ ከቤቱ ቋሚ ላይ ሰቀለላቸው። አንደኛው እንደ ደወል ጮኸ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ሲመታ ድምፁ ወዲያው ሞተ። እናትዮዋ ደግመው መቱት። አምስተኛውና ስድስተኛው ጮኹ።

«አራተኛውን መልሰው» አሉ።

«እማዬ፥ እርሱ ከሁሉ ያማረው ነው። በደንብ አይቼዋለሁ፥ ለክቼዋለሁም።»

«አይተኸዋል፤ አልሰማኸውም» ብለው ወደ ቡናቸው ገቡ።

መምህሩ መጀመሪያ እንደ አሮጊት ወግ ቈጥሮት ነበር። ኋላ ግን ባነበበው መጽሐፍ ያገኘው ነገር ታወሰው። በባቡር ሐዲድ አገር መዶሻ ይዘው የፉርጎውን መንኰራኵር እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ጥርት ያለውን ያሳልፋሉ፥ የታፈነውን ያስቀራሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ድምፅ ያስጠረጠረውን ብረት በዘይትና በነጭ ዱቄት ይመረምሩት ነበር። መምህሩ ይህን ለማድረግ ዕቃ አላጣም። ቸርኬውን አጥቦ አደረቀ፤ ላምባ ቀብቶ ጥቂት አቈየው፤ በጨርቅ አጥብቆ ጠረገው፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ላይ ሲጽፍበት የኖረውን ጠመኔ ፈጭቶ ነሰነሰበት። ጠመኔው ነጭ ሆኖ ቈየ። ጥቂት ቈይቶ ግን ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚሄድ ቀጭን ጥቍር መስመር በነጩ ላይ ወጣ፤ በስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው እየተመጠጠ ነበርና። መምህሩ ተነሥቶ ወደ ቤት ገባና ከእናቱ ፊት ዝም ብሎ ተቀመጠ። እርሳቸውም አልጠየቁትም፤ ቡና ቀዱለት።

ይህን ሲያነብ ሰው ድምፅ ብቻውን ይበቃል ብሎ እንዳይታለል ማስታወስ ይገባል። ድምፅ የሚታፈንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የላላ ብየዳ፥ የደረቀ ጭቃ፥ ያልተስተካከለ አሰቃቀል ሊያፍነው ይችላል፤ ጥርት ብሎ የጮኸም ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ጆሮ ይከሳል፥ ጠመኔ ይመሰክራል፥ የሚፈርደው ግን ልኬት ነው። ስለዚህ መምህሩ አምስቱን ቀሪዎች ወደ ቦንጋ ወስዶ ከአውቶሞቢሉ ላይ አስገጥሞ እያሽከረከረ በአጠገባቸው ሚስማር አቁሞ ተመለከተ። ጠርዙ ከሚስማሩ ሲቀርብና ሲርቅ ልዩነቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቸርኬው ጐብጧል ይባላል። አንዱ ጥቂት አልፎ ስለ ተገኘ ሠራተኛው በመዶሻ አቀናውና ለመጠባበቂያ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ይልቁንም ጐማው የሚቀመጥበት ጠርዝ፥ የካፋ ዝናብ ዝገትን እንደ እርሾ ያፈላዋልና። የዝገት መከላከያ፥ በላዩም ስስ ግራጫ ቀለም ተቀባ። የቡሎኑ መቀመጫ ግን ሳይቀባ ቀረ፤ በዚያ ሥፍራ የወፈረ ቀለም ሲጨፈለቅ ቡሎኑን ያላላዋል። የዚህ የቮልስ ብረት ጠባይ ከመነዳሪ የሚወድ ስለ ሆነ አዲስ ከመነዳሪ ገባ፤ በአሉሚኒየሙ ላይ ለሽፋን የገባው ያው ዕቃ በዚህ ቦታው ሆኖ አገልግሎት ሆነ። ቡሎኖቹ በመስቀል አምሳያ ተራ በተራ ጠበቁ፤ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ተፈተሹ።

ጎረቤቶች መጥተው አዩ። «ይህ እንግዲህ ቮልስ ሆነ» ያሉም ነበሩ። መምህሩ ይህ ቃል እንደ ወጋው አልካደም፤ ሲያልፍ ሰው ዘወር ብሎ የሚያየው በእነዚያ በሚያበሩት ቸርኬዎች እንደ ነበረ ያውቃልና።

በዚያው ሳምንት ከሚዛን የመጣ አንድ ሰው አራቱን የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ሊገዛ ፈለገ። የሚሰጠው ዋጋ የመምህሩን ወጪ ሁሉ ከፍሎ የሚተርፍ ነበር። መምህሩ አራቱንም በጠመኔ ፈትኗቸው ስለ ነበር አስቀድሞ ከታወቀው ሌላ አንድ ስንጥቅ አግኝቶ ነበር። የተሰነጠቁትን ሁለቱን አውጥቶ አሳየው። ሰውዬው ሳቅ አለና «ለእኔ አይደለም፥ ለሌላ ሰው ነው የምሸጠው፤ ቀለም ሲቀባ አይታይም፤ እርስዎ ምን ቸገረዎት?» አለው። መምህሩ በዚያች ሰዓት ለእርሱ የሸጠለትን ሰው አሰበ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ሰው ልበ ክፉ ይመስለው ነበር፤ አሁን ግን ያ ሰው እንዲሁ ገንዘብ የወጣበት፥ እንዲሁም ያዘነ፥ «ምን ቸገረኝ» ያለ ሰው እንደ ነበረ ገባው። ክፋት ሩቅ አገር አልነበረም፤ ከግቢው በር ቆሞ ዋጋ ይጠራ ነበር።

ጤነኞቹን ሁለት ታሪካቸውን ነግሮ በርካሽ ሸጠለት። የተሰነጠቁትን ግን ወደ ብረት ሠራተኛ ወስዶ ከመካከላቸው በመጋዝ አስቈረጣቸው፤ ቈራጩም ቍርጥራጩን በሚዛን ገዛው። አሉሚኒየም ቀልጦ ድስት ይሆናል፤ ድስት ቢሰነጠቅ ወጥ ይፈሳል እንጂ ሰው አይሞትም።

ወሩ በደረሰ ጊዜ እናቱ ወደ ጅማ ሄዱ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡና «ይህ መቀመጫ ነው ወይስ መኝታ?» ብለው ሳቁ። ከቦንጋ ወጥተው ጊምቦን አልፈው ወደ ጎጀብ ሲወርዱ መምህሩ ሁለት እጁን ከመሪው አላነሣም፤ መንቀጥቀጡን እየጠበቀ ነበር። አልመጣም። እናቱ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ቈዩና «ይህ ከአምስቱ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«በአንቺ በኩል ያለው ሦስተኛው ነው» አላቸው።

«እርሱ ደኅና ነው» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጅማ እስኪደርሱም ተኙ።